አንድ ምሳሌ አይበቃም

በ1916 ዓ.ም. ድሬዳዋ ውስጥ አንድ ከባድ መጽሐፍ ታትሞ ወጣ፤ አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ያዘጋጁት የትንቢተ ሕዝቅኤል ንባብና ትርጓሜ። ያተመው በከተማዋ የነበረው የካቶሊክ ሚሲዮን ማተሚያ ቤት ቅዱስ አልዓዛር ነው። ከተማዋ ባቡር ከደረሰባት ገና ሃያ ዓመት ቢያልፋት ነው። ቀረጥና ጭነት፣ ቡናና ጨርቅ ውሎዋን በሚሞሉት በዚህች የንግድ ከተማ፣ ኢየሩሳሌም ረጅም ዘመን ኖረው የተመለሱ ሊቅ ምሳሌ የበዛበትንና ለትርጓሜ የሚከብደውን የነቢይ መጽሐፍ ይፈቱ ነበር።

17ኛውን ምዕራፍ ብቻ እንይ። አንድ ታላቅ ንስር ሊባኖስ ላይ አርፎ የዝግባውን ጫፍ ቀጥፎ ወደ ሩቅ የንግድ አገር ይወስዳል። ከምድሪቱም ዘር ወስዶ ውኃ ባለበት ይተክላል፤ ዘሩ በቅሎ ወይን ይሆናል። ወይኑ ግን ሥሩን ወደ ሌላ ንስር ያዞራል። ነቢዩ ራሱ ኋላ ይፈታዋል፦ የመጀመሪያው ንስር የባቢሎን ንጉሥ ነው፤ የተቀጠፈው ጫፍ ተማርኮ የተወሰደው የኢየሩሳሌም ንጉሥ፣ ወይኑ በእሱ ፋንታ የተሾመው ሴዴቅያስ፣ ሁለተኛው ንስር ግብፅ። ንስርና ንጉሥ በመልክ አይመሳሰሉም፤ ወይንና ሹምም እንዲሁ። ምሳሌውን የሚያቆመው ማን ተከለ፣ ማን ተተከለ፣ የተተከለውስ ከተከለው ፊቱን አዙሮ ወደ ማን ሄደ የሚለው ዝምድና ነው።

ሰው በማመሳሰል ያስባል ሲባል ብዙ ጊዜ የሚታሰበን የንግግር ማጣፈጫ ነው። ላለፉት ሃምሳ ዓመታት ግን የአእምሮ ተመራማሪዎች ነገሩን ከዚህ በጣም አጥብቀው ይዘውታል። ጆርጅ ሌኮፍና ማርክ ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ1980 ባሳተሙት መጽሐፍ የዕለት ንግግራችንና አስተሳሰባችን ራሱ በምሳሌ ላይ የተገነባ መሆኑን ተከራከሩ። ዳግላስ ሆፍስታተርና ኢማኑኤል ሳንደር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2013 ማመሳሰል የማሰብ ሁሉ እምብርት ነው እስከ ማለት ደረሱ። እኔ እዚህ ድረስ አልሄድም። ሁሉ ነገር ማመሳሰል ከሆነ ጥሩውን ማመሳሰል ከመጥፎው የምንለይበት ሚዛን ይጠፋናል፤ ለእኛ አገር የአስተሳሰብ ታሪክ ደግሞ የሚያስፈልገን ያ ሚዛን ነው።

ሚዛኑን በደንብ ያበጀችው አሜሪካዊቷ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ዴድሬ ጌንትነር ናት። እ.ኤ.አ. በ1983 ባቀረበችው ንድፈ ሐሳብ፣ ጥሩ ማመሳሰል የነገሮቹን ጠባይ ትቶ በነገሮቹ መካከል ያለውን ግንኙነት ይወስዳል። አቶም እንደ ፀሐይና ፕላኔቶች ነው ሲባል የፀሐይ ግለትና ብርሃን ይቀራል፤ ትንሹ በትልቁ ዙሪያ ይሽከረከራል፣ ትልቁ ትንሹን ይስባል የሚለው ይሻገራል። አንዱ ግንኙነት ከሌላው ጋር በምክንያትና በውጤት ሲያያዝ ደግሞ ተያይዘው አብረው ይሻገራሉ።

ይህን ሳነብ ወዲያው የታወሰኝ የቅኔ ቤት ሕግ ነው። በሰምና ወርቅ ቅኔ የሰሙ ስምና የወርቁ ስም ጎን ለጎን ይቀመጡና አንድ ግሥ ሁለቱን ያስራቸዋል። ሰሙ ያደረገውን ወርቁም አድርጓል፤ የተለያዩ ባለቤቶች፣ አንድ ድርጊት። ሰም ለበስ በሚባለው ደግሞ ወርቁ ተሰውሮ ሰሙ ብቻ ይነገራል፣ ሰሚው በድርጊቱ ፍለጋ ወርቁን ያገኛል። ኅብር ግን ሌላ ነው፤ አንድ ቃል ሁለት ፍቺ በመያዙ ላይ ይቆማል። የኅብር ውበት አይካድም፤ ሆኖም የድምፅ መገጣጠም እንጂ የነገር ዝምድና ላይኖረው ይችላል። የዋድላ፣ የዋሸራና የጎንጅ መምህራን እነዚህን መንገዶች ለይተው ያስተምሩ የነበሩት ተማሪው መቼ በቃል፣ መቼ በነገር እንደሚያመሳስል እንዲያውቅ ነው። ተማሪው የትናንቱን ቅኔ ዛሬ ደግሞ ማቅረብ አይፈቀድለትም፤ አዲስ ቆጥሮ መምጣት አለበት፣ መምህሩም ያርመዋል። በዓለም ላይ ሰውን በየቀኑ አዲስ ማመሳሰል እንዲፈጥር አስገድዶ ያሠለጠነ ስንት ትምህርት ቤት እንዳለ አስባለሁ፤ ብዙ አይመስለኝም።

የኅብረተሰብ ተመራማሪው ዶናልድ ሌቪን እ.ኤ.አ. በ1965 «ሰምና ወርቅ» ብሎ በሰየመው መጽሐፉ ይህን ባህል በአድናቆት ከገለጸ በኋላ፣ አሻሚነቱ ግልጽነት ከሚጠይቀው ዘመናዊ ሥራ ጋር እንደሚጋጭ ጽፏል። በአንድ በኩል ልክ ነው፤ ለመሸሸግ የተነገረ ሰም ለቢሮ ደብዳቤ አይሆንም። ግን መሸሸግና ማመሳሰል ሁለት ነገር ናቸው። ለመግለጥ የሚደረግ ማመሳሰል የዘመናዊ ሳይንስ ዋና መሣሪያ ሆኖ ሳለ፣ ከመሸሸግ ጋር በአንድ ስም ተጠቅልሎ ለዘመናዊነት እንቅፋት መቆጠሩ ጉዳት አድርሷል ብዬ አምናለሁ። የቅኔ ቤት ችሎታ ለፊዚክስና ለሕክምና ተማሪ ምን ሊያደርግለት እንደሚችል የጠየቀ ሥርዓተ ትምህርት የለንም።

ይጠቅመው ነበር ወይ? እዚህ ላይ ሁለት የታወቁ ጥናቶች ይበቃሉ። ሜሪ ጊክና ኪት ሆሊዮክ እ.ኤ.አ. በ1980 ለተማሪዎች አንድ የሕክምና ችግር ሰጡ። በሽተኛው ሆድ ውስጥ ዕጢ አለ፤ ዕጢውን የሚያጠፋ ጨረር አለ፣ ግን በዚያ ኃይል ከተላከ ጤነኛውንም አካል ያጠፋል። ምን ይደረግ? ደካማ ጨረሮችን ከብዙ አቅጣጫ ልኮ ዕጢው ላይ ማገናኘት ነው መልሱ። ያለ ምንም እርዳታ ይህን ያገኘው ከአሥር አንዱ ያህል ነው። ሌሎቹ ቀደም ብለው አንድ ታሪክ አነበቡ፦ ምሽግ ለመያዝ የመጣ የጦር አዛዥ መንገዶቹ ሁሉ ፈንጂ የተቀበረባቸው ስለሆኑ ሠራዊቱን በትንንሽ ክፍል ከፍሎ በየመንገዱ ልኮ ምሽጉ ላይ ያገናኛል። ታሪኩን ያነበቡትም ቢሆኑ መልሱን ያገኙት ከአሥር ሦስት ያህሉ ብቻ ናቸው። «ያነበባችሁት ታሪክ ይረዳችኋል» ሲባሉ ግን ከአራት ሦስቱ አገኙት። እውቀቱ እጃቸው ላይ ነበር፤ መመሳሰሉ አልታያቸውም።

ሁለቱ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1983 ይህን ቀጥለው የተሻለ ነገር አገኙ። ሰዎች ተመሳሳይ አካሄድ ያላቸውን ሁለት የተለያዩ ታሪኮች አንብበው ሲያነጻጽሩ፣ አንድ ካነበቡት ይልቅ መፍትሔውን ወደ አዲሱ ችግር ያሻግራሉ። ሁለት ምሳሌ ሲጎራበት ሁለቱ የማይጋሩት ይራገፋል፤ ምሽጉም ወታደሩም ይወድቅና አካሄዱ ብቻ ይቀራል። የትርጓሜ መምህር አንዱን ነገር ተርጉሞ «አንድም» ብሎ ሌላውን ሲቀጥል ተማሪው ላይ የሚያደርገው ይህን ይመስለኛል። አንድምታን ብዙ ሰው የሚያውቀው የፍቺ ብዛት ማሳያ አድርጎ ነው። እኔ ግን የአእምሮ ሥልጠና ሆኖ አየዋለሁ፤ አንድ ምሳሌ ሰውን እንዳይዘው ሁለተኛ ማምጣት።

ስለ ፈጠራ ሲወራ ግን ሌላ ሥዕል ይገንናል፤ ሊቁ ተቀምጦ ሳለ ከሩቅ ዓለም አንድ ምሳሌ እንደ መብረቅ ይወርድለታል። ዮሐንስ ኬፕለር ፀሐይ ፕላኔቶችን የምታንቀሳቅስበትን ኃይል ከብርሃን ጋር እያነጻጸረ ማሰቡ፣ ዳርዊን ከገበሬና ከእርግብ አርቢ ምርጫ ተነሥቶ ስለ ተፈጥሮ ምርጫ መጻፉ እውነት ነው። ሆኖም የሥነ ልቦና ተመራማሪው ኬቪን ደንባር እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የሞለኪውል ባዮሎጂ ቤተ ሙከራዎች ውስጥ ተቀምጦ የተመራማሪዎችን ስብሰባ ሲከታተል የሰማው አብዛኛው ማመሳሰል ቅርብ ነበር፤ ይህ ቫይረስ እንደዚያ ቫይረስ፣ ይህ ሙከራ እንደ አምናው ሙከራ። የሩቁ ምሳሌ በአብዛኛው የሚመጣው ለሌላ ሰው ለማስረዳት ሲፈለግ ነው። የዕለት ሥራ ፈጠራ ከጎረቤት ይበደራል ማለት ነው። ይህ ለድሬዳዋ እንግዳ አይደለም። የባቡሩ ጋራዥ ሠራተኞች ለአሮጌ ሞተር መለዋወጫ ሲጠፋ ከሌላ ማሽን ሥራ ተነሥተው መቀጠልን ያውቁበት ነበር።

ከከተማዋ በስተደቡብ ጥቂት ኪሎ ሜትር ላይ ያለው የፖርክ ኤፒክ ዋሻ ሌላ ጥያቄ ያነሣል። ከ40 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት የኖሩ ሰዎች እዚያ ቀይና ቢጫ ቀለም ያለው ማዕድን ሲፈጩ፣ ሲፍቁ ኖረዋል። ከዋሻው የተሰበሰበው ቀለማም ቁራጭ ከ4,200 በላይ ነው፤ ክብደቱ 40 ኪሎ ያህል። ዳንየላ ሮሶና ባልደረቦቿ ያጠኑት ይህ ክምችት ለብዙ ሺህ ዓመት የቀጠለ ልማድ መኖሩን አሳይቷል። ምን ያደርጉበት ነበር? ሟቾቹ አይነግሩንም፤ ያለን ከሕያዋን ጋር ማመሳሰል ብቻ ነው። የሐመር ሴቶች ፀጉራቸውን በቀይ አፈርና በቅቤ እንደሚያስውቡ የሚያውቅ ሰው ወዲያው ጌጥ ነው ይላል። አንድም፣ ቀይ አፈር ቆዳ ለማልፋት ይውላል። አንድም፣ ከሙጫ ጋር ተቀላቅሎ የድንጋይ ስለት ከእንጨት ጋር ለማጣበቅ ይውላል። አርኪዮሎጂስቱ ሦስቱንም ይዞ በማጉያ መነጽር የመፋቅና የመፍጨት ምልክት ይመረምራል፤ ዱቄቱ የቱን ያህል የደቀቀ ነው፣ የትኛው ቀለም ተመርጧል እያለ ይጠይቃል። በዚህ ሙያ አንዲት ምሳሌ ይዞ መቆም ነውር ነው። ፖለቲካችንም ይህን ልማድ ቢኖረው ምንኛ በጠቀመን!

የምለው ኢትዮጵያን ከጃፓን ጋር ስለ ማመሳሰል ነው። በታሪካችን የዚያን ያህል ረጅም ዕድሜና ብዙ ተከታይ ያገኘ ማመሳሰል አላውቅም፤ መነሻውም በድሬዳዋ ባቡር መሥመር ላይ ከሠሩ ሰዎች ጋር የተሳሰረ ነው። ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ በኋለኛ ዕድሜው በባቡሩ መሥመር ተቆጣጣሪነት፣ ከዚያም በድሬዳዋ ጉምሩክ ነጋድራስነት አገልግሏል። «አጤ ምኒልክና ኢትዮጵያ» በተባለው ቀደምት ጽሑፉ የኢትዮጵያ መንግሥት የጃፓንን አርአያ እንዲከተል አሳስቧል። ከሞተ በኋላ በ1916 ዓ.ም. በታተመው «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» ደግሞ እውቀት ያለው ሕዝብና እውቀት የሌለው ሕዝብ ሲገበያዩ ጥቅሙ እንዴት ወደ አንዱ ወገን እንደሚያደላ አስረዳ። ሁለተኛው ሥራ ከመጀመሪያው እጅግ ይበልጥብኛል። የመጀመሪያው አገርን ከአገር ያመሳስላል። ሁለተኛው በገዢና በሻጭ መካከል ያለውን ዝምድና ራሱን ይዞ ምክንያቱን ይከተላል። በጉምሩክ የሠራ ሰው ወደዚያ ቢደርስ አይገርምም፤ የሚገባውንና የሚወጣውን ዕቃ በዓይኑ ያያል።

ጨርጨርን የገዛው ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያምም በማመሳሰል የኖረ ሰው ነው። «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮሜዲያ» የተባለውን ተውኔት የጻፈው እሱ ነው፤ የሹማምንትን ብልሹነት በአራዊት አፍ ስለተናገረ ከታየ በኋላ ታገደ። እገዳው ራሱ ምሳሌው እንደሠራ ይመሰክራል። ተመልካቹ የትኛው አውሬ ማን እንደሆነ ሳይነገረው ገብቶታል። ይኸው ሰው ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. የታወጀውን የመጀመሪያውን ሕገ መንግሥት ሲያረቅ እ.ኤ.አ. በ1889 የወጣውን የጃፓንን የሜጂ ሕገ መንግሥት አብነት አደረገ። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ጃፓንን ጎብኝተው በ1924 ዓ.ም. «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን»ን አሳተሙ። ከጣሊያን ወረራ በኋላም ሐሳቡ አልሞተም፤ ከበደ ሚካኤል በ1946 ዓ.ም. «ጃፓን እንደምን ሠለጠነች» ብለው ጻፉ።

መመሳሰሉ ዓይን ይማርክ ነበር። ሁለቱም ጥንታዊ ዘውድ አላቸው፣ ሁለቱም በቅኝ ግዛት አልተያዙም፣ ሁለቱም አንድ የአውሮፓ ኃይል አሸንፈዋል፤ ኢትዮጵያ በአድዋ እ.ኤ.አ. በ1896፣ ጃፓን ሩሲያን በ1905። በጌንትነር ሚዛን ሲታይ ግን እነዚህ ጠባያት ናቸው። ጃፓንን ያሻገራት የምክንያት ሰንሰለት ከሜጂ ዘመን በፊት የተጀመረ ነው፦ ማንበብና መጻፍ የሚያስተምሩ የመንደር ትምህርት ቤቶች በየቦታው ነበሩ፣ ኦሳካን የመሰሉ የነጋዴ ከተሞች ነበሩ፣ ግብር በመዝገብ ይሰበሰብ ነበር። ዘውዱ የሰንሰለቱ አንድ ቀለበት ብቻ ነው። ሕገ መንግሥቱ ተሻገረ፤ የሚሸከመው ሰንሰለት ግን አልነበረም። የታሪክ ተመራማሪው ባሕሩ ዘውዴ ስለዚያ ዘመን ምሁራን በጻፈው መጽሐፉ ይህን የጃፓን ፍቅር በሰፊው ዳስሶታል፤ እነዚያ ሰዎች ተላላ እንዳልነበሩ ከእሱ መረዳት ይቻላል። ባቡሩ ባመጣው ዓለም ፊት ቆመው አገራቸውን ለማዳን ያገኙትን የተሻለ ምሳሌ ያዙ። የጎደላቸው ሁለተኛና ሦስተኛ ምሳሌ ጎን ለጎን አቁሞ ማነጻጸር ነው። የ1966ቱ አብዮት ትውልድም ጃፓንን ትቶ ሩሲያንና ቻይናን ሲይዝ ምሳሌውን ለወጠ እንጂ በአንድ ምሳሌ የመያዙን ልማድ አልለወጠም። ያ ልማድ ያስከፈለውን ሕይወት እያንዳንዱ ቤት ያውቀዋል።

የቅርብ ምሳሌም ይገድላል። ድሬዳዋን ሰንጥቆ የሚያልፈው የደቻቱ ወንዝ አብዛኛውን ዓመት አሸዋ ነው፤ ሰው ይሻገርበታል፣ ይነግድበታል፣ ሌላ መሬት ያላገኘ ደሃ በዳሩ ይኖራል። ዘንድሮም እንደ አምና ይሆናል የሚለው ማመሳሰል ከሁሉ የተለመደው ነው፤ ያለ እሱ አንድ ቀን መኖር አይቻልም። ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት ከደጋው የዘነበው ዝናብ ደርሶ ወንዙ ሲሞላ ከ200 በላይ ሰው ሞተ። ደቻቱ ከዚያ በፊትም ጎርፍ አምጥቶ ያውቅ ነበር። ሁለት ዓይነት ያለፈ ዘመን ነበረው ማለት ነው፤ የደረቀው ብዙ ዓመትና የጎረፈው ጥቂት ዓመት። ስለ ነገ ሲታሰብ የሚታወሰው ብዙው ነበር። ከተማን የሚያቅድ መሥሪያ ቤት ጥቂቱን ዓመት በግድ ማስታወስ አለበት፤ ለነዋሪው የሚተው ሸክም አይደለም።

ሕግ የማመሳሰልን አደጋ ከማንም ቀድሞ ያወቀ ይመስላል። በሽምግልና፣ በኦሮሞው የጃርሳዎች ሸንጎ፣ በሱማሌው ሽማግሌዎች ፊት ነገር የሚፈታው በማመሳሰል ነው፤ የአሁኑ ጠብ ከየትኛው የቀድሞ ጠብ ጋር ይመሳሰላል ተብሎ ይመዘናል። ድሬዳዋ ውስጥ አንዱ ተረት ሲጠቅስ ሌላው የኦሮምኛ ማማክሳ፣ ሦስተኛው የሱማሌኛ ማህማህ ያመጣል፣ ክርክሩም በሦስት ቋንቋ ምሳሌ ይጠራል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ግን በአንቀጽ 2 ፍርድ ቤት በማመሳሰል አዲስ ወንጀል እንዳይፈጥር ይከለክላል። ዳኛው ሕጉን መተርጎም ይችላል፤ ያልተከለከለን ድርጊት ከተከለከለው ጋር ይመሳሰላል ብሎ መቅጣት አይችልም። ለማስታረቅ የተፈቀደው መሣሪያ ለማሰር ተነፈገ። ትክክልም ነው፤ ስህተቱ የሰውን ነፃነት በሚነካበት ቦታ መመሳሰል ብቻውን ማስረጃ ሊሆን አይገባም።

ስለ ማሽን ማመሳሰልም በአጭሩ። ቴይለር ዌብ፣ ሆሊዮክና ሆንግጂንግ ሉ እ.ኤ.አ. በ2023 ትላልቅ የቋንቋ ሞዴሎች ብዙ የማመሳሰል ፈተናዎችን እንደ ሰው ወይም ከሰው በተሻለ እንደሚሠሩ ዘገቡ። በዓመቱ ማርታ ሉዊስና ሜላኒ ሚቸል ፈተናዎቹን ጥቂት ሲለውጡ፣ ለምሳሌ የፊደላቱን ተራ ሲቀያይሩ፣ የሰዎቹ ውጤት ብዙም ሳይነካ የሞዴሎቹ ውጤት እንደወረደ አሳዩ። ክርክሩ አላበቃም። ከሁለቱ ጥናቶች የምወስደው ማመሳሰልን መፈተን የሚቻለው ልብሱን ቀይሮ ዝምድናውን በመጠበቅ መሆኑን ነው፤ ይህ ለተማሪም ይሠራል።

ወደ ተማሪዎቹ ልምጣ፤ ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ እነሱ ናቸውና። ዴድሬ ጌንትነርና ዶናልድ ጌንትነር እ.ኤ.አ. በ1983 ስለ ኤሌክትሪክ በሚያስቡ ተማሪዎች ላይ ያደረጉት ጥናት በየመምህራን ማሠልጠኛው ቢነበብ እወዳለሁ። ኤሌክትሪክን በቧንቧ እንደሚሄድ ውኃ የሚያስቡት ስለ ባትሪ አቀማመጥ የተጠየቁትን በተሻለ መለሱ፤ ውኃ በከፍታና በግፊት ይነዳልና። በበር እንደሚተላለፍ ሕዝብ የሚያስቡት ደግሞ ኃይል ስለሚገታው ሬዚስተር የተጠየቁትን በተሻለ መለሱ፤ ሁለት በር ጎን ለጎን ሲከፈት ብዙ ሰው እንደሚያልፍ ወዲያው ይታያቸዋል። እያንዳንዱ ምሳሌ የሚያበራው አንድ ማዕዘን ነው።

ድሬዳዋ ውስጥ ፊዚክስ የሚያስተምር ሰው ሁለቱንም በእጁ አለው። የቀፊራ ገበያ በጠዋት ሲጨናነቅ ያየ ልጅ ጠባብ መተላለፊያ ምን እንደሚያደርግ ያውቃል፤ የቧንቧ ውኃ ሲመጣና ሲጠፋ ያደገ ልጅም ግፊት ምን እንደሆነ ያውቃል። መምህሩ ሁለቱን ምሳሌ አስቀድሞ ሦስተኛውን ተማሪዎቹ ቆጥረው እንዲመጡ ቢያዝዝ፣ ከዚያም እያንዳንዱ የት ላይ እንደሚሰበር ቢጠይቅ፣ ከቅኔ ቤት የወሰደው ልማድ ሳይንስ ክፍል ውስጥ ገባ ማለት ነው። ቧንቧ ሲቆረጥ ውኃው መሬት ላይ ይፈስሳል፤ ሽቦ ሲቆረጥ ግን የሚፈስ ነገር የለም፣ መብራቱ ይጠፋል እንጂ። ለምን እንደሆነ የጠየቀ ተማሪ ስለ ዝግ የኤሌክትሪክ ዑደት የሚነገረውን ትምህርት ለመስማት ተዘጋጅቷል።